ዲስኩና ካርዱ፦ በቀድሞ ኮምፒዩተሮች የፍጥነትና የመጣጣም ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1983 አይ.ቢ.ኤም. «ኤክስ.ቲ.» የተሰኘውን ኮምፒዩተር ለገበያ ሲያቀርብ 10 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ገጥሞለት ነበር። የመረጃውን ፍጥነትም ሆነ ዕድሜ ይወስን የነበረው ግን ዲስኩ ብቻ ሳይሆን፣ በዲስኩና በኮምፒዩተሩ መካከል የተሰካው መቆጣጠሪያ ካርድ ጭምር ነው።

ዲስኩ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይሽከረከራል። በእያንዳንዱ ክብ መስመር 17 ክፍሎች ሲኖሩ፣ አንዱ ክፍል 512 ባይት ይይዛል። እንግዲህ መስመሩ በአንድ ዙር ቢነበብ ኖሮ በሴኮንድ 522,240 ባይት በተገኘ ነበር። ነገር ግን ካርዱ አንዱን ክፍል ተቀብሎ እስኪያስረክብ ድረስ ተከታዩ ከማንበቢያው ራስ ሥር ያልፋል፤ ያመለጠውን ለማግኘትም ሙሉ ዙር መጠበቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሎቹ በተርታ መቆጠራቸው ቀርቶ እየተዘለሉ ቁጥር ተሰጣቸው። በኤክስ.ቲ. አንዱን መስመር ለመጨረስ 6 ዙር ስለሚያስፈልግ ፍጥነቱ ቢበዛ 87,040 ባይት ነበር። በ1984 የወጣው «ኤ.ቲ.» በዌስተርን ዲጂታል ካርድ ዙሩን ወደ 3 አወረደው። የዲስኩ አዟዟር እንደ ቀድሞው ነው፤ የተለወጠው ተቀባዩ ነው።

ይሁን እንጂ ፍጥነትን ፈልጎ ካርድ መለወጥ መዘዝ ነበረው። ከሲጌት ኩባንያ የመነጨው የማገናኛ ሥርዓት ገመዱንና የኤሌክትሪክ ምልክቱን ሲደነግግ፣ ክፍሎቹ በዲስኩ ገጽ ላይ የሚሰፍሩበትን አጻጻፍ ለካርዱ ሠሪ ተወው። ከዚህም የተነሣ መሰኪያው ልክ ሆኖ ገብቶ ሳለ፣ ዲስኩ አንዳች እንዳልተጻፈበት ሁሉ ሳይነበብ ይቀር ነበር። ካርዱን የሚለውጥ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መዝገቡን ሁሉ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገልብጦ፣ ዲስኩን እንደ አዲስ አሰናድቶ መልሶ መጻፍ ነበረበት። አሮጌው ካርድ በድንገት ቢቃጠልስ? ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ተመሳሳይ ካርድ እስኪገኝ ድረስ መዝገቡ የሚነበብበት መንገድ ይዘጋል።

«አር.ኤል.ኤል.» የተባለው አጠጋግቶ የመጻፍ ዘዴ ደግሞ 17ቱን ክፍሎች 26 በማድረግ የ20 ሚሊዮኑን ዲስክ 30 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ለዚህ ሥራ ባልተፈተነ ርካሽ ዲስክ ላይ የሞከሩት ግን ያተረፉትን ቦታ ብዙውን ጊዜ በጠፋ መረጃ ከፍለውታል።

በ1986 መቆጣጠሪያው በዲስኩ በራሱ ላይ የተሠራበት ሥርዓት በኮምፓክ ኮምፒዩተሮች ታየ፤ በ1994ም የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ዲስኩና ተርጓሚው አልተለያዩም። በቀድሞው ሥርዓት የተጻፈ ዲስክ በቤተ መዛግብት ሲቀመጥ ግን የጻፈው ካርድ አብሮት ሊቀመጥ ይገባል፤ ካልሆነም ከዲስኩ የሚወጣውን ጥሬ ምልክት እንዳለ ቀድቶ በኋላ የሚተረጉም መሣሪያ ያስፈልጋል።