ሥዕል ለተበደለ ሰው መድኃኒት ይሆናልን? የአርቴሚዚያ ጄንቲሌስኪ ታሪክ
ጥበብ ግፍ የደረሰበትን ሰው ይፈውሳል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኢጣሊያዊቷ ሠዓሊ የአርቴሚዚያ ጄንቲሌስኪ ታሪክ ነው። አርቴሚዚያ በ1593 እ.ኤ.አ. በሮም ተወልዳ ሥዕልን ከአባቷ ከኦራትሲዮ ተማረች። በ1611 የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሠዓሊ አጎስቲኖ ታሲ ደፈራት። በ1612 ነገሩ በችሎት ሲታይ፣ እውነት መናገሯ እንዲረጋገጥ ተብሎ ጣቶቿ በሲባጎ ታስረው ተጠበቁ፤ እርሷ ግን ቃሏን አላጠፈችም። ታሲ ተፈረደበት፤ ዳሩ ግን ቅጣቱ በሚገባ አልተፈጸመም።

ከዚህ በኋላ ዮዲት የሆሎፎርኒስን አንገት ስትቈርጥ የሚያሳየውን ሥዕል ሣለች። ብዙዎችም የበቀል ሥዕል ነው ይሉታል። ነገር ግን ሁለት ሽማግሎች የሚያስጨንቋትን ሶስናን የሣለችው በ1610፣ ማለት ከመደፈሯ አስቀድሞ ነበር። እንግዲህ ጥበቧን የወለደው ግፉ ነው ማለት ለበዳዩ የማይገባውን ክብር መስጠት ይሆናል።

በ1616 የፍሎሬንስ የሥዕል አካዳሚ ከሴቶች የመጀመሪያዋ አባል አድርጎ ተቀበላት። ችሎቱ ያልመለሰላትን ክብር በብሩሿ አስመለሰች። ሥዕል ቍስሉን አያስረሳም፤ የተበደለው ሰው ግን ከበደሉ ሌላ ስም እንዲኖረው ያደርጋል።