ለገዛ እናቱ የሚሸጥ ሰው

ቢቸና የጠረፍ ከተማ አይደለችም። ከቢቸና ተነስቶ የሱዳንን ድንበር ለመርገጥ ሞጣን፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርንና ጭልጋን አልፎ መተማ መድረስ ያስፈልጋል። ሆኖም እንደ ብዙው የአማራ ክልል ገጠር ሁሉ የጠረፉ ጣጣ ወደ ጎጃም ቤቶችም ገብቷል። የሚገባው በስልክ ነው። ማታ ይደወላል፤ የልጅ ለቅሶ ይሰማል፤ ቀጥሎ የማይታወቅ ሰው ይመጣና የብር መጠን ይጠራል።

ብዙዎቻችን ይህን ንግድ የዛሬ ዘመን ክፋት አድርገን እናየዋለን። ሥሩ ግን ረጅም ነው፤ መንገዱም በእኛው ደጅ ያለፈ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሊሙና ከጅማ የሚነሳው የሲራራ ንግድ ዓባይን ሲሻገር የሚያርፈው እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ የጁቤ አጠገብ በነበረው በባሶ ገበያ ነበር። ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ አንዱ መንገድ ወደ ምጽዋ፣ ሌላው ወደ መተማ ይሄዳል። በአጋሰሱ ላይ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይጫናል። ከአጋሰሱ ኋላ በእግሩ የሚነዳ ሰውም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ወይም ወጣት ሴት ነው። መተማ ላይ ሱዳናዊው ነጋዴ ይገዛዋል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰ ዘመዶቹ አይሰሙም።

መተማን አብዛኞቻችን የምናውቃት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት በመሆኗ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል የድንበሩ መስመር ተወሰነ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ቀረ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ አዋጁ ድረስ ጦርነትና ወረራ ያለበት 18 ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ግን ገበያው ተዘጋ፤ ገዢ ሲጠፋ ሻጭም ጠፋ።

መንገዱ አልጠፋም። የሰሊጥ እርሻ በመተማና በሁመራ ሲስፋፋ የጎጃም ወጣት በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያው ይወርድ ጀመር። መሬት ለጠበበበት ልጅ የቆላው ሥራ የበሬ መግዣ፣ የጎጆ መውጫ ነበር። ወባው ክፉ ነው፤ ሙቀቱም ክፉ ነው። ቢሆንም የሄደው ልጅ ደመወዙን ይዞ ለመመለስ ተስፋ ነበረው፤ እናቱም የምትፈራው በሽታውን ነበር።

በዚሁ ዘመን በየበረሃው ሽፍታ አልነበረም አይባልም። ገበሬን የዘረፈ፣ ከብት የነዳ ሽፍታ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን ሽፍታ መንደር ነበረው። በላይ ዘለቀ በአባቱ ሞት ቂም ይዞ በረሃ ሲገባ ቢቸና የማን ልጅ እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ በኋላ በጠላት ወረራ ዘመን ለአርበኝነት ያበቃውም ያው የሚያውቀውና የሚከተለው ሕዝብ ነው። የሸፈተ ሰው አንድ ቀን በሽማግሌ መግባትን ያስባል። ንስሐ አባት አለው፤ እህት አለችው፤ ደሙን የሚመልስበት ወገን አለ። ስለዚህ ግፉ ልክ ነበረው። የዛሬው አጋች ግን ታጋቹን የሚያውቀው በስልክ ቁጥሩ ነው። ሽማግሌ ቢላክ ወደ ማን ይላካል?

ይህ አዲስ ንግድ በግልጽ የታየው ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሲና በረሃ ነበር። አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያንም ያሉባቸው ስደተኞች እየተያዙ እስከ 30 እና 40 ሺህ ዶላር ይጠየቅባቸው ጀመር። አጋቾቹ ስልኩን ከፍተው፣ ቤተሰብ እያዳመጠ ልጁን ያሠቃዩታል። ከሲና በኋላ ንግዱ ወደ ሊቢያ ዞረ፤ ባኒ ዋሊድ የምትባለው ከተማ ስም በየገጠሩ ታወቀ። እዚያ የእገታ መጋዘን ከነበራቸው አንዱ ኪዳኔ ዘካርያስ የተባለው ኤርትራዊ ነው። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተይዞ፣ ችሎት ላይ ሳለ በየካቲት 2013 አምልጦ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ሱዳን ውስጥ የተያዘው በታኅሣሥ 2015 ነው። ወሊድ በሚል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶምም በ2013 ዓ.ም. 18 ዓመት ተፈርዶበት በኋላ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ።

ከዚያ ንግዱ ወደ እኛ ቀረበ። የጎንደር–መተማ መንገድ የእገታ መንገድ ሆነ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው መተማ አቅራቢያ በአውላላ መጠለያ የነበሩ አንድ ሺህ ያህል ስደተኞች ዝርፊያና እገታ ቢበዛባቸው መጠለያውን ጥለው በእግራቸው ወጡ። በሰኔ 2016 ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎችን ጨምሮ ከ100 በላይ መንገደኞች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ፤ ለወላጆችም ስልክ ተደወለ። ይህ ከቢቸና በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ ሸገር የሚገባ ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ጠረፍ ላይ የለመድነው ነገር ዓባይን ተሻግሮ ጠበቀን።

እንግዲህ የሁለቱን ዘመን ልዩነት እናስተውል። በባሶ መንገድ የተነዳው ሰው የሚሸጠው ለባዕድ ነበር። የዛሬው ታጋች የሚሸጠው ለገዛ እናቱ ነው። ዋጋውም የሚተመነው ቤተሰቡ ምን እንዳለው ተጠንቶ ነው። በሬው ይሸጣል፤ ላሟ ትከተላለች። መሬት በሕግ ስለማይሸጥ ለዓመታት በኮንትራት ይሰጣል። ቀሪው በአራጣ ይሞላል፤ ዕድርተኛው ያዋጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጥላ ተዘርግቶ ይለመናል። ልጁ ቢመለስ እንኳ የሚመለሰው በሬ ወደሌለበት በረት ነው። ታናናሾቹ ትምህርት ያቆማሉ። አንዱ ደግሞ ዕዳውን ለመክፈል ያንኑ መንገድ ይጀምራል። ልጁ ካልተመለሰ የባሰ ነው፤ አስከሬን የለም፤ ሞቱም አልተረጋገጠም፤ እናት ተስካር ልታወጣ ትፈራለች፤ ተስፋ ልታደርግም አቅም የላትም።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። በሜክሲኮ ሰሜናዊ ጠረፍ ዜታስ የተባለው ቡድን የተጀመረው ከሠራዊት በከዱ ወታደሮች፣ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ጠባቂ ሆኖ ነው። ጠመንጃው እጁ ከገባ በኋላ ግን ስደተኛን አግቶ ማስከፈል ሌላ ሥራው ሆነ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ሳን ፈርናንዶ በተባለች የጠረፍ አካባቢ 72 ስደተኞችን ገደለ። በዚያ አገር የጠፉ ሰዎች መዝገብ በ2014 ዓ.ም. ከ100,000 አልፏል፤ እናቶች አካፋ ይዘው የልጆቻቸውን አጥንት በየሜዳው ይፈልጋሉ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጠመንጃ በአንድ ምክንያት ይነሳል፤ ምክንያቱ ቢያልቅም እገታን የለመደ እጅ ግን ከገበያው አይወጣም። እርቅ የሚያወርዱ ሁሉ፣ መንግሥትም ታጣቂም፣ ይህን ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

መፍትሔውን ስንፈልግም የድሮውን መንገድ እንዳለ መድገም አንችልም። የባሪያ ንግድ የተዘጋው ገዢውን በመከልከል ነው። እናትን ግን «አትግዢ» ብሎ የሚያዝዝ አንጀት የለም፤ የሚያዝዝ ሕግም ቢወጣ አትሰማውም። «እናንተ እየከፈላችሁ አባባሳችሁት» እያልን የከፈለ ቤተሰብን የምንወቅስ ሰዎች ይህን ልብ እንበል።

ሊያዝ የሚችለው መሐል ላይ ያለው ሰው ነው። ገንዘቡ በአየር አይሄድም፤ ስም ባለው የባንክ ሒሳብ ወይም በሐዋላ ያልፋል። ልጁን ለጉዞ የመለመለው ደላላ አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈር ነው፤ በሠርጉ እንበላለን፤ በለቅሶው እንቀመጣለን። የሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቷል፤ የጎደለው ሒሳቡን ተከትሎ ባለቤቱን የሚይዝ እጅ ነው። ከእኛ ደግሞ የሚጠበቅ አለ። ሽፍታን ልክ የሚያስይዘው መንደሩ ነበር ብለናል። አጋቹ መንደር ባይኖረውም ደላላው አለው። የታጋች እናት በሬዋን ስትሸጥ አብሮን የሚያዝን መስሎ ኮሚሽኑን የቆጠረ ሰው በዕድራችን ውስጥ እንዴት ተቀመጠ?