ተደራሲ እንዴት ይፈራል?

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጽፉ ተማሪዎቼ ተከታይ የሚበዛበትን ብልኃት ደጋግመው ይጠይቁኛል። አብነት የማደርግላቸው የዞን ዘጠኝን ታሪክ ነው። የቃሊቲ ወህኒ ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡት ወጣት ጦማርያን ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን ብለው ሰየሙት። በዚህ ስያሜ አንባቢው ራሱ የጉዳዩ ባለቤት ሆነ። ጦማራቸው አገር ውስጥ እንዳይነበብ ሲታገድ በፌስቡክ ቀጠሉ፤ ሕገ መንግሥቱ እንዲከበርም ዘመቻ አካሄዱ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በሽብርተኝነትም ተከሰሱ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ እስኪወጡ ድረስ «ይፈቱ» የሚለው ድምፅ በየገጹ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የተከታይ ብዛት የሚመዘነው ጸሐፊው ዝም እንዲል በተገደደ ዕለት ነው። ያን ዕለት ስንቱ ያገባኛል ይል ይሆን?