የአንገት አከርካሪ ማያያዣ ቀዶ ሕክምና

የአንገት አከርካሪ ማያያዣ ቀዶ ሕክምና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የአንገት አጥንቶች እንደ አንድ ሆነው እንዲገጥሙ የሚደረግ ሕክምና ነው። አንገት 7 የአከርካሪ አጥንቶች አሉት። ሕክምናው የሚደረገው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭን ወይም ሕብለ ሰረሰርን ሲጫን፣ እንዲሁም በመውደቅ ወይም በመኪና አደጋ አጥንት ሲሰበር ነው።

ሕክምናው በኢትዮጵያ

የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከደብረ ታቦርና ከአካባቢው ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሄዶ የታከመ ሰው ረጅሙን የማገገሚያ ጊዜ የሚያሳልፈው በቤቱ ነው።

ማገገም

በቀዶ ሕክምናው የሚገባው ብረትና ብሎን አጥንቱን የሚይዘው ለጊዜው ነው፤ ዘላቂው መያዣ በመካከሉ የሚያድገው አጥንት ነው። ይህም ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ ሕመሙ ጠፋ ማለት አጥንቱ ገጠመ ማለት አይደለም። ሲጋራ ማጨስ አጥንቱ እንዳይገጥም ሊያደርግ ይችላል። በፊት በኩል ከተሠራ ለመዋጥ መቸገርና የድምፅ መጎርነን ለጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የአንገት ድጋፍ (ኮላር) ማድረግ የሚያስፈልገው ሐኪሙ ካዘዘ ነው።

እንቅስቃሴና ሥራ

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ በእግር መሄድ ይመከራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ዳገታማ ከተማ በመሆኗ በሜዳ ላይ ጀምሮ ርቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም በላይ ማንሳት አይፈቀድም። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከምና ማረስ በቤተሰብ መሸፈን አለባቸው። አንገትን የሚያወዛውዝ እስክስታና ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስግደትም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያሉ።

በታችኛው አንገት ሁለት አጥንቶች ብቻ ከተያያዙ የሚቀንሰው እንቅስቃሴ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ግራና ቀኝ ከመዞር ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከላይኛዎቹ ሁለት አጥንቶች ነው። ሆኖም ከተያያዙት አጥንቶች በላይና በታች ያሉት ዲስኮች በጊዜ ብዛት ሊጎዱ ይችላሉ።

ወጌሻ

አንገት ሲያም ወደ ወጌሻ መሄድ የተለመደ ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን አንገት ማሸት፣ መጎተት ወይም መጠምዘዝ ግን ብረቱን ሊያላቅቅና ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ጡንቻን የማጠንከር ሥራ በሐኪም ፈቃድ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይመራል።

አደገኛ ምልክቶች

የአንገት ማበጥ ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ አዲስ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።