ስም ብቻ የቀረላቸው ነገሥታት

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ ጨዋታችን ወደ ታሪክ ዞረ። «ጎንደርን የጣሉት የጁዎች ናቸው» አለ አንዱ ወዳጄ። ሌላው ቀበል አድርጎ «እናንተ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ ኦሮሞ ላይ ካልጫናችሁ አይሆንላችሁም!» ሲል ተቆጣ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ሁለቱም ወዳጆቼ ስለሆኑ ለጊዜው ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ከሐሳቤ ስላልወጣ መጻሕፍት አገላበጥኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የራስን ቤት በደንብ ለማየት አንዳንዴ ከጎረቤት ደጅ ቆሞ መመልከት ይበጃል። በህንድ የሙጋል ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ኃያል ንጉሥ አውራንግዜብ በ1707 ሞተ። ከእርሱ በኋላ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በዙፋን ተፋጁ፤ የየክፍለ ሀገሩ ገዢዎችም ግብሩን ለራሳቸው ያስቀሩ ጀመር። በ1739 የፋርሱ ናድር ሻህ ዴልሂን ዘርፎ የጣዎስ ዙፋን የተባለውን ይዞ ሄደ። በ1788 ደግሞ ጉላም ቃድር የተባለ ሹም ንጉሡን ሻህ አላምን ዓይኑን አጠፋው።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ታላቁ ኢያሱ የተገደለው በ1706 ነው፤ አውራንግዜብ ከመሞቱ ከጥቂት ወራት በፊት መሆኑ ነው። ያስገደለው የባዕድ ጦር ሳይሆን ዙፋኑን የወሰደበት የገዛ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ልጁም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሰይፍ አለፈ። ንጉሥ መግደል እንደሚቻል ያስተማረው ቤተ መንግሥቱ ራሱ ነው ማለት ነው።

ዓፄ ኢዮአስ በተቀናቃኞቹ ሲጨነቅ የትግራዩን ራስ ሚካኤል ስሑልን ለእርዳታ ጠራ። ሚካኤል ከምጽዋ የሚመጣው ነፍጥ በእጁ ነበርና ከጠሪው ይልቅ የተጠራው በረታ። በ1769 ኢዮአስን አስገደለ፤ ሽማግሌውን ዮሐንስን አነገሠ፤ በዚያው ዓመት እርሱንም አስወግዶ ልጁን በቦታው ተካ። ልብ በሉ፤ የየጁው ራስ አሊ ቀዳማዊ ሥልጣን የያዘው ከዚህ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1784 ገደማ ነው። የጁዎች የደረሱት አስቀድሞ ወደ ተሰበረ ቤት ነው። በዚያው በ1784 በዴልሂም የማራታው አለቃ ማሃድጂ ሲንዲያ የሻህ አላም ሞግዚት ሆኖ ነበር።

ታዲያ እነዚህ ኃያላን ዙፋኑን ለምን ራሳቸው አልወጡበትም? ስሙን ስለሚፈልጉት ነው። እንግሊዞች ህንድን በጦር ከያዙ በኋላ እንኳ እስከ 1835 ድረስ ገንዘባቸውን በሙጋሉ ንጉሥ ስም ያሳትሙ ነበር። የየጁ ራሶችም ከደብረ ታቦር ሆነው አገር ሲገዙ፣ ከሰሎሞን ዘር እየመረጡ ጎንደር ላይ ያነግሡ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ያህል ነግሦ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ወረደ። «ፍጻሜ መንግሥት» የሚለው ቅጽል የቀረለት በከንቱ አይደለም።

መጨረሻው ግን ተለያየ። በዴልሂ ባሀዱር ሻህ ከ1857ቱ አመፅ በኋላ ወደ ራንጉን ተግዞ በ1862 ሞተ፤ አገሩም በእንግሊዝ እጅ ወደቀ። በእኛ አገር ግን ካሳ ኃይሉ በ1853 ራስ አሊ ዳግማዊን አይሻል ላይ ድል ነሥቶ፣ በ1855 ደረስጌ ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ደፋ። ዴልሂን ባዕድ ሲጠቀልለው፣ የጎንደርን ባዶ ዙፋን የሞላው የአገር ልጅ ሆነ።

በቀደም ሁለቱን ወዳጆቼን እዚያው ቡና ቤት አገኘኋቸውና ይህንኑ አጫወትኳቸው። ገዳዩ ልጅ ጎንደሬ፣ ነፍጠኛው ራስ ትግሬ፣ ሞግዚቶቹ የጁ ነበሩ፤ ጥፋቱን ለአንዱ ብቻ ልስጥ ብንል የቀን ቆጠራው ራሱ አይፈቅድልንም። የመጀመሪያው ወዳጄ ጥቂት አሰበና «እንግዲያስ መጀመሪያ የፈረሰው አጥሩ ሳይሆን ምሰሶው ነው በለኛ» አለኝ። ሁለተኛው ምንም አልተናገረም፤ ግን የሦስታችንንም ሒሳብ የከፈለው እርሱ ነበር።