አሮጌው የቤት ሽቦ እና የኤሌክትሪክ ምጣድ

ደብረ ማርቆስ፦ በደብረ ማርቆስ ነባር ሠፈሮች እስከ ዛሬ የሰው መኖሪያ ኾነው የሚያገለግሉ በርካታ ቤቶች ከባሕር ዛፍ እንጨት እና ከጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። መብራት በገባላቸው ዘመን የቤተሰቡ ፍላጎት ከሁለት ወይም ከሦስት አምፖል እና ከአንድ ሬዲዮ አያልፍም ነበር። በጣሪያው ሥር የተዘረጋው ቀጭን ሽቦም ለዚያ ሥራ በቂ ነበር። ዛሬ በዚያው ሽቦ እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል፤ ማቀዝቀዣም ቀንና ሌሊት ይሠራል። በአማኑኤል፣ በሉማሜ፣ በደጀን እና በሌሎች የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ያሉ አሮጌ ቤቶችም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላቸውም።

ሀገሪቱ የምታመነጨው ኀይል ጨምሯል። ጳጉሜን 4/2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይኹን እንጂ ኀይሉ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች የሚጓዘው በየቤቱ ሽቦ ነው። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለውን መስመር የመጠበቅ እና የማደስ ኀላፊነት ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው።

በአሮጌ ቤት ውስጥ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ምጣድ ነው። 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ከሩብ አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። 3 ሺህ 500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህም 58 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲኾን በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይኾናል። ተራው የቤት ሽቦ የለበሰው ፕላስቲክ እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት እንዲችል የተሠራ ነው። ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሲግል ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይራገፋል። አይጥ የነካው ከኾነ ጉዳቱ ይፈጥናል። ከሽቦው በታች የተወጠረው የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ነው፤ በላዩ ደግሞ የዓመታት ጥላሸት ተከማችቷል። አንድ ብልጭታ ለእሳት ይበቃዋል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጋጠሚያ ነው። በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ሲላላ ሙቀቱ በዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ የሚደበዝዝ ከኾነ፣ ሶኬቱ ከጠቆረ፣ መሰኪያው በእጅ ሲነካ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ መስመሩ እየተጎዳ መኾኑን ያሳያል። ምጣድን በዲቫይደር ላይ መሰካትም ጨርሶ ሊደረግ የማይገባ ነው፤ የዲቫይደሩ ቀጭን ገመድ ይህን ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም።

ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መቀየር፣ የተቃጠለ ፊውዝንም በወፍራም ሽቦ ማሰር የተለመደ ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ችግሩን አላስወገደም፤ ጥበቃውን ግን አስወግዷል። ብሬከሩ የሚወርደው ሽቦው ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ ለመናገር ነው። 16 አምፔር በነበረበት ቦታ 40 አምፔር ብሬከር ከገባ፣ የሚቀጥለው የሚቃጠል ነገር ሽቦው ራሱ ነው።

ብሬከር ሽቦን ከቃጠሎ ይጠብቃል እንጂ ሰውን ከንዝረት አያድንም። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያስተውለውም። በሰው አካል ውስጥ የሚያልፍ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ኤሌክትሪክ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። 16 አምፔር ብሬከር የሚጠብቀው መጠን ግን ከዚህ ከ500 እጥፍ በላይ ነው። ሰው ተይዞ እየተንዘረዘረ እንኳ ብሬከሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ኾኖ ሊቆይ ይችላል።

በምጣድ ላይ አደጋው የሚደርሰው እንዲህ ነው። ከሸክላው ሥር በቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ የሚግል ሽቦ አለ። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሽቦው ይወርዳል፤ ሊጥም በስንጥቁ ይገባል። ያን ጊዜ ሽቦው ከላይ የለበሰውን ብረት ሊነካ ይችላል። የምድር መስመር ከሌለ ብረቱ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ይጠብቃል። የምትጋግረው እናት ወይም ልጅ እጇ በሊጥ ርሷል፤ የቆመችውም ብዙ ጊዜ በእርጥብ የአፈር ወለል ላይ፣ አንዳንዴም በባዶ እግሯ ነው። ከዚህ የከፋ ሁኔታ በቤት ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ምጣዱ «ትንሽ ይነዝራል» ከተባለ በዚያው ቀን ተነቅሎ መጠገን አለበት። እስከዚያው ብሎ በደረቅ ማዳበሪያ ላይ ቆሞ መጋገር መፍትሔ አይደለም።

መድኀኒቱ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ትክክለኛ የምድር መስመር ሲኾን፣ በተለምዶ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ነው። በአሮጌ ቤቶች ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ተገጥሞ ከበስተኋላው ግን ሦስተኛው ሽቦ የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሶኬቱን አይቶ መተማመን አይገባም። የምድር ዘንጉ የሚቀበርበት ቦታም ይመረጣል። ዋልካ አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ዘንጉን ይለቀዋል፤ ደረቅ አፈርም ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። በመኾኑም ዘንጉ በጥልቀት፣ በተቻለ መጠንም ዓመቱን ሙሉ እርጥበት በማይለየው የግቢ ጥግ ቢተከል ይመረጣል። የውኃ ቧንቧን በምድር መስመር ምትክ መጠቀም የጎረቤትን ቧንቧ ጭምር ኤሌክትሪክ ሊያስይዝ ይችላል። ኒውትራሉን ከምጣዱ ብረት ጋር ማገናኘትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ሲበጠስ ብረቱ ሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ሁለተኛው በገበያ «አር ሲ ዲ» እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው ሳይመለስ ሲቀር፣ ማለትም በሰው ወይም በብረት በኩል ወደ መሬት ሲያፈተልክ፣ መስመሩን ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል። ለሰው ጥበቃ የሚገዛው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ነው።

የጋራ ግቢ የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሦስትና አራት ተከራዮች በአንድ ጠዋት ምጣድ ሲሰኩ መስመሩ አይችልም፤ ተራ ማውጣት ግድ ነው። ከቤት ወደ ቤት በአጥር ወይም በባሕር ዛፍ ላይ የተወጠረ ሽቦም በነፋስ እየተወዛወዘ ከቆርቆሮ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ልባሱ ይላጣል፤ ያን ጊዜ ጣሪያው በሙሉ፣ ከአሸንዳው ጭምር፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የልብስ ማስጫ የብረት ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ከታሰረ አደጋው እስከ ግቢው መካከል ይደርሳል።

መብራት ሲጠፋ ምጣዱን ሳይነቅሉ ወደ ገበያ ወይም ወደ ለቅሶ መሄድ ቤትን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው፤ መብራቱ ሲመለስ ምጣዱ ማንም ሳያየው ይግላል። በክረምት ነጎድጓድ ሲቃረብ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣን ቀደም ብሎ መንቀል ይገባል። አርሶ አደሮችም በማሳ ወይም በግጦሽ ላይ የወደቀ ሽቦ ሲያዩ ከብቶችን ማራቅ፣ ራሳቸውም አለመጠጋት እና በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ማሳወቅ አለባቸው። በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው በእጅ መጎተት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። ቀድሞ ብሬከሩን ማጥፋት፣ ከዚያም ተጎጂውን ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።

የቤቱን ሽቦ በሙሉ ለመቀየር አቅም ያጠረው ቤተሰብ ከምጣዱ ቢጀምር ይሻላል። ለምጣዱ ብቻ ከዋናው ብሬከር የሚነሣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ አር ሲ ዲ እና የምድር መስመር ከተዘረጋ ከፍተኛው ጭነት ከአሮጌው ሽቦ ላይ ይወርዳል። የመብራቱ መስመር ልባሱ ደኅና እስከኾነ ድረስ ተራውን ሊጠብቅ ይችላል። ሥራው በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ የሚሰጥ ነው፤ ማረጋገጫውን እንዲያሳይ መጠየቅም ነውር የለውም። ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት በአር ሲ ዲው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በባለቤቱ ፊት ይጫን። ከዚያ በኋላ በየወሩ እርሷን መጫን የቤቱ ሰው ሥራ ነው። ተጭና መስመሩ ካልተቋረጠ መሣሪያው ሞቷል፤ መቀየር አለበት።