የጅማው ልጅ ጋሽ ይድነቃቸው

በ1914 ዓ.ም. ጅማ ስለተወለዱት ይድነቃቸው ተሰማ ሲወራ፣ ደጋፊ የሚያነሳው ሁለት ነገር ነው፤ ለጊዮርጊስ ያገቧቸውን ጎሎችና የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ። እውነት ነው፣ ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ እሳቸው ያሰለጠኑት ቡድን ሁለቴ ተመርቶ፣ በጭማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 ረታ። እስከ ዛሬም አልደገምነውም። ነገሩ እዚህ ካለቀ ግን ሰውየውን አሳንሰናቸዋል።

ያን ዋንጫ ከንጉሡ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ፋሺስት ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና 21 ዓመቱ ነው፣ ልብ በሉ!

በ1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲጠነሰስ ጋሽ ይድነቃቸው እዚያው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች፤ ከውድድሩ ቀረች። ከ1964 ጀምሮ፣ በ1979 እስኪሞቱ ድረስ፣ ኮንፌዴሬሽኑን ሲመሩም አፓርታይድን ከሜዳ ለማስወጣት ታገሉ። በ1968 ፊፋም አገሪቱን አባረረ።

እና ከየቡ እስከ አጋሮ ኳስ ለሚያሳድደው ልጅ የትኛውን እንንገረው? ሁለቱንም። በየስታዲየሙ በብሔር ስንሰዳደብ ለኖርን ለእኛ ግን፣ ከዋንጫው ይልቅ የሚያስፈልገን ይሄኛው ታሪካቸው ነው።